እመት ኢ ዝም ያለችበት ቀን

«ተረት ተሸክሜ መጥቻለሁ፤ የት ላውርደው?»

«ጆሯችን ላይ!»

«ከባድ ነው፤ ትችሉታላችሁ?»

«ተጋግዘን!»

እንግዲያው ተጋገዙ። አንተ ከኋላ ያለኸው፣ ደብተርህን እጠፍ። የእንግሊዝኛ ፈተና ወደቅሁ ብለህ ለንቦጭህን መጣልህን አይቻለሁ፤ ይህ ተረት ላንተው ነው።

ድሮ ድሮ፣ ፊደል እንደ ሰው በሚጣላበት፣ ዝንብም እንደ ሽማግሌ በሚመክርበት ዘመን፣ ከባሕር ማዶ አፍ የሚባል አገር ነበር። ጣሪያው ላንቃ፣ አጥሩ ጥርስ፣ በሩ ከንፈር። የአገሩ ዳኛ አያ ምላስ ይባል ነበር። አጥንት የለውም፣ አጥንት ግን ይሰብራል። ቀኑን ሙሉ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ወደ ፊት ይላል፣ ወደ ኋላ ይላል፤ አርፎ ያየው ሰው የለም።

በዚያ አገር ሃያ ስድስት ፊደሎች ይኖራሉ። አብዛኞቹ ጉልበት እንጂ ድምፅ የላቸውም። ብቻቸውን ተናገሩ ሲባሉ «ፕ»፣ «ት»፣ «ክ» ብለው ይታነቃሉ። ድምፅ ያላቸው አምስት ብቻ ናቸው፤ እመት ኤ፣ እመት ኢ፣ አያ አይ፣ እመት ኦ እና አያ ዩ። ዋይ የሚባልም አለ፤ ድግስ ሲሆን «ከአምስቱ ወገን ነኝ» ይላል፣ ሥራ ሲመጣ «ኧረ እኔ ከነዚያኞቹ ነኝ» ይላል። እሱን ተዉት።

አምስት ቤት፤ ድምፁ ግን ሃያ ገደማ! የኛዎቹ፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ ወንድማማቾች፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ልብስ ለብሰው ነው የሚወጡት፤ ከሩቅ ታውቋቸዋላችሁ። የነዚያ ግን በአንድ ጋቢ ሦስት አራት ድምፅ ይተኛል። ረጅሙም፣ አጭሩም፣ ከአንዱ ተነስቶ ወደ ሌላው የሚንሸራተተውም። ጋቢው ሲገለጥ የትኛው እንደሚነሳ እግዜር ይወቀው።

ታዲያ አያ ምላስ ሁሉንም በየቦታው መደባቸው። አንዱን ፊት ለፊት ከበሩ አጠገብ፣ አንዱን መሐል ቤት፣ አንዱን ጓዳ። አንዱን ከጣሪያው ሥር፣ አንዱን ወለሉ ላይ። እመት ኤ ወለል ላይ መንጋለል ትወዳለች፤ እሷ ስትወጣ መንጋጋ እስከ ታች ይወርዳል። እመት ኢ የደረሳት ቤት ግን ምርጡ ነበር፤ ከፊት፣ ከጣሪያው ሥር፣ ከበሩ አጠገብ። በሩ ሲከፈት ብርሃን መጀመሪያ የሚገባው እሷ ቤት ነው። እመት ኦ የደረሳት ጓዳው ነው፤ ከኋላ፣ ከጉሮሮው ገደል አፋፍ።

በሉ እንግዲህ ንገሩኝ፣ ማን ነው ደስተኛ መሆን ያለበት?

«እመት ኢ!»

እናንተም ተሳስታችኋል። እመት ኢ ሌት ተቀን እርር ድብን ትል ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው።

በሩን የሚጠብቁት ሁለት መንትያ ወንድማማቾች ናቸው፤ ላይኛው ከንፈርና ታችኛው ከንፈር። እመት ኦ ክብ፣ ድቡልቡል፣ መልከ መልካም ናት። ከጓዳ ወጥታ በበሩ ልታልፍ ስትል ሁለቱ በረኞች ተሰብስበው፣ ክብ ሠርተው፣ ሞጥሞጥ ብለው ወደ ፊት ይወጣሉ። ሕፃን ልጅ እንደሚስም ሰው ማለት ነው። እመት ኢ ልታልፍ ስትል ግን አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች፣ ጫፎቻቸውም ግራና ቀኝ ሸሸት ይሉና ያሳልፏታል። በቃ። መሳም የለ፣ መሞጥሞጥ የለ።

እርግጥ ለአያ ዩም ይሞጠሙጣሉ። እሱ ግን እንደ ፈረስ ኮቴ የጎበጠ ሽማግሌ ነው፤ ማን ይቀናበታል? እመት ኢ ዓይኗ ያረፈው እመት ኦ ላይ ብቻ ነበር።

«ምኗ ነው የሚሳመው?» ትላለች እንደ ማበጠሪያ ሦስት ጥርሷን አግጣ። «ጓዳ ለጓዳ የምትውል! እኔ ከደጃቸው ላይ፣ ዓይናቸው ሥር እየኖርኩ፣ ዘወር ብለው እንኳ አያዩኝም! እሷ ስትመጣ ግን እንደ እንጀራ ልጅ እኔን ገፍተው…» ትልና እንባዋ ይቀድማታል። ቅናት ብል እንደገባበት ጋቢ ውስጥ ውስጧን በላት።

እንዲህ ስትል የሚሰማት አንድ ጎረቤት ነበራት። አያ ዝንብ። ክፍት በር ባየበት ሁሉ የሚገባ፣ የገባበትን ቤት ሁሉ ወሬ የሚያወጣ፣ እጁን እየፈተገ የሚያዝን፣ ያ ዝንብ። አንድ ጠዋት በታችኛው ከንፈር ጫፍ ላይ ቁጭ አለና እጁን ፈተገ።

«እመት ኢ፣ አሳዘንሽኝ እኮ» አለ። «አንቺን የመሰለች ሴት!»

«አየህ አይደል? ያንተ ዓይን እንኳ አይቷል!»

«እንዴታ! መፍትሔው ግን ቀላል ነው። ለሷ የምታደርጉትን ለኔም አድርጉልኝ በያቸው። ጠይቀሽ ታውቂያለሽ?»

እመት ኢ ጠይቃ አታውቅም ነበር። በማግስቱ ፀጉሯን አበጥራ ወደ በሩ ሄደችና፣ «እናንተ በረኞች፣ ዛሬ እንደ እመት ኦ ሞጥሞጥ በሉልኝ» አለቻቸው። ሁለቱ ተያዩ። «ኧረ አይሆንልሽም፣ ለቦታሽ አይስማማም» አለ ላይኛው። «አድርጉ ብያለሁ!» አለች። አደረጉ። አያ ምላስ ከፊት ከጣሪያው ሥር፣ ከንፈሮቹ ደግሞ ክብ! ከአፍ የወጣው ድምፅ ኢም አይደል፣ ኡም አይደል፤ የፉጨት ውላጅ ነበር። የመንደሩ ውሾች ባለቤታቸው ያፏጨ መስሏቸው ከየአቅጣጫው እየሮጡ መጡ። አንዱ ቡችላ በሩ ላይ ጭራውን እየቆላ ጠበቃት። አገሩ በሳቅ ፈረሰ። እመት ኤ ወለሉ ላይ ተንከባለለች፣ አያ አይ ነጥቡን ጣለ። እመት ኦ ብቻ አልሳቀችም፤ እመት ኢ ግን ያንንም አልወደደችው። «አዘነችልኝ! እኔ እሷ የምታዝንልኝ ልሁን?» ብላ በሯን ዘጋች።

አያ ዝንብ በስንጥቁ ገባ።

«ተሳስተን ነው» አለ እጁን እየፈተገ። «ሰው የሚወደው ዕለት ዕለት የሚያየውን ነው። በየቃሉ ግቢ። የትም ቢሄዱ እመት ኢ፣ የትም ቢመለሱ እመት ኢ። የዛን ጊዜ ማን ኦን ያስታውሳል?»

ይህ ምክር ደስ አላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ እመት ኢ ያልገባችበት ቃል የለም። ከመጀመሪያ ትቆማለች፣ ከመሐል ትቆማለች፣ ከጫፍ ትቆማለች። አንዳንዴ ከጥላዋ ጋር ሆና እንደ መንታ እጅ ለእጅ ተያይዛ ትገባለች። አንዳንዴ እመት ኤን ጎትታ ትገባለች። በዚያ አገር መጽሐፍ እስከ ዛሬ ገልጣችሁ ብትቆጥሩ ከሷ የሚበልጥ ፊደል አታገኙም። እዩት፣ ቁጠሩት! ውሸታም ካልሆንኩ ትመጡና ይቅርታ ትሉኛላችሁ።

ግን ሰው ሁሉ ቦታ ልሁን ካለ ሁሉ ቦታ ይደክመዋል። በጠዋቱ ቃል «ኢ» ያለች ድምጿ ረፋድ ላይ አጠረ፤ እኩለ ቀን ላይ ሰለለ፤ ወደ ማታ ከመሐል ቤት ወድቃ «ኧ…» ብቻ ማለት ጀመረች። ኧ ማለት በዚያ አገር ቤት የሌላት፣ ጋቢ የሌላት፣ በሁሉም ቤት የምታድር ትንሿ ድምፅ ናት። የደከመው ሁሉ የሷን ድምፅ ነው የሚያወጣው። በረኞቹም «ኧ» ሲባል አልሞጠሞጡም፣ አልሸሹም፤ እንዲያው እንዳሉ አሳለፏት። ወዲያው ከኋላዋ እመት ኦ መጣች፤ ሞጥሞጥ!

«አሁንስ በዛ!» አለች እመት ኢ። «አሁንስ አንድ ነገር እሆናለሁ!»

አያ ዝንብ ለሦስተኛ ጊዜ መጣ። በዚህኛው ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር። እሱ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ቤት ሊፈርስ ነው ማለት ነው።

«መሳም ካልቻልሽ የምትሳመዋን ማጥፋት ነው» አለ። «የአገሩን ሕግ ታውቂያለሽ?»

ታውቃለች። የአፍ አገር ሕግ እንዲህ ይላል፤ ድምፅ ያለው ሁሉ በዳኛ ፊት ሲጠየቅ ስሙን ጥርት አድርጎ መናገር አለበት። ያልቻለ ድምፁ የሰረቀው ነውና ቤቱ ይታሸጋል፤ እሱም ከጥርስ ውጭ ይተፋል። የተተፋ አይመለስም።

«ስሟን ትናገራለቻ!» አለች እመት ኢ። «ኦ ማለት ምን ያቅታታል?»

«ቆማ ስትናገር አያቅታትም። ተከሳ ስትቆም ግን ከነዚያ ድምፅ ከሌላቸው ፊደሎች ሁለቱ፣ ከፊቷ ዘብ ኤች፣ ከኋላዋ ዘብ ፒ፣ ይይዟታል። በሁለት ዘብ መሐል የተጨመቀች ድምፅ ምን ትሆናለች?»

እመት ኢ ይህንንም ታውቃለች። እሷም ብትሆን በሁለት ዘብ መሐል ስትገባ ስሟ ይቆረጣል፤ ድምጿ ያጥራል። የአምስቱም ደካማ ጎን ይኸው ነው። ሌላው ቢያወራው ነውር፣ እሷ ብታወራው ክህደት ነበር። ግን ቅናት መች ነውር ያውቃል? በማግስቱ እመት ኦ ወደ በሩ ስታዘግም ጠበቀቻትና፣ «በሕግ አምላክ!» ብላ ጮኸች።

በሕግ አምላክ ሲባል ወንዝም ቢሆን ይቆማል። እመት ኦ አንድ እግሯን እንዳነሳች ቆመች።

«ይህች ሴት ስሟ የሷ አይደለም!» አለች እመት ኢ። «አንዴ ረጅም ናት፣ አንዴ አጭር ናት! በአንዱ ቃል ሌላ፣ በሌላው ቃል ሌላ! ሌባ ናት!»

እኔን! ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ወጣ፣ አለቀ። አያ ምላስ መጥቶ ነገሩን ሰማና፣ «ችሎቱ በሦስተኛው ቀን ነው። እስከዚያው በቁራኛ ይታሰሩ» አለ።

ቁራኛ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? አታውቁም፤ የዛሬ ልጅ ምን ያውቃል። ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ እንዳይጠፋፉ የአንዱ የነጠላ ጫፍ ከሌላው የነጠላ ጫፍ ጋር ይቋጠራል። አብረው ይበላሉ፣ አብረው ውሃ ይወርዳሉ፣ አብረው ይውላሉ። ጠላትህን ጎንህ አድርገህ ትከርማለህ። እመት ኢን ከእመት ኦ ጋር ቋጠሯቸው። እንዳይናከሱ ዘብ ፒን መሐላቸው አብረው ቋጠሩት። ጉንጩን የነፋ፣ ወፍራም፣ ትንፋሹ ፕፍ ፕፍ የሚል ሰውዬ ነው።

የመጀመሪያው ቀን መጓተት ሆነ። አንዷ ወደ ፊት፣ አንዷ ወደ ኋላ። ፒ በመሐል ሆኖ «ኧረ ነጠላው ተቀደደ! ኧረ ሆዴ!» ይላል። አንዲት ቃል ሳይነጋገሩ ዋሉ።

በሁለተኛው ቀን እመት ኦ፣ «ቤቴ ገብቼ ልብስ ልያዝ» አለች። ከተቋጠሩ ወዲያ አልሄድም ማለት የለምና እመት ኢም ተከትላ ጓዳ ገባች። ከዚያ በፊት ገብታ አታውቅም። ጨለማ ነው። ከጉሮሮው ገደል ነፋስ ይነፍሳል፤ አንዳንዴ ሳል የሚባል አውሎ ነፋስ ይመጣና ዕቃውን ሁሉ ገለባብጦት ይሄዳል። እመት ኢ ነጠላዋን ተከናነበች።

«ሁልጊዜ እንዲህ ይበርዳል?» አለች ሳታስበው።

«ዛሬ ደህና ነው» አለች እመት ኦ።

 የእመት ኢ ሆድ ግን «ብርድ ቢበርዳት ምን? ትሳም የለ!» አለ።

በሦስተኛው ቀን ተራው የእመት ኢ ሆነ። «እኔም ቤቴን ልዝጋ» አለችና ወደ ፊተኛው ቤት ወጡ። እግረ መንገዷን በበሩ ብቅ ብላ ስሟን አለች፤ «ኢ!» በረኞቹም እንደወትሯቸው ግራና ቀኝ ሸሸት አሉ። እመት ኦ ከኋላ ሆና ይህን አየችና ነጠላው እስኪወጠር ድረስ ቀጥ ብላ ቆመች። ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ዕድሜ ልክሽን እንዲህ ሲስቁልሽ ነው የኖርሽው?» አለች።

«እነማን?»

«በረኞቹ ናቸዋ!»

«ሳቁ? እኔን ዘወር ይሉብኛል እንጂ መች ይስቁልኛል!»

«እመት ኢ፣ ዓይን የለሽም? ጥርሳቸው እስኪታይ፣ ጉንጫቸው እስኪሰረጎድ ነው እኮ የሚስቁልሽ! እኔ አንድ ቀን ስቀውልኝ አያውቁም። እኔ ስመጣ ብርሃኑን ከልለው፣ በሩን አጥብበው፣ በመርፌ ቀዳዳ ነው የሚያሳልፉኝ። ፊታቸውን አይቼው አላውቅም። ጓዳዬ ተቀምጬ ያንቺን ቤት ሳቅ እሰማና…» አለችና በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «አልዋሽሽም፣ እቀናብሽ ነበር። ስንት ቀን አለቀስኩ መሰለሽ።»

እመት ኢ ዞር ብላ በሩን አየች። ዕድሜዋን በሙሉ በዚያ በር ስታልፍ የምታየው ከኋላዋ የምትመጣዋን ነበር። የራሷን መውጫ አንድ ቀን አይታው አታውቅም። አሁን አየችው። በረኞቹ ሳቃቸው ገና ከፊታቸው አልጠፋም ነበር። እዚያው ደጃፏ ላይ ቁጭ አለች። ፒም በመሐል ስለተቋጠረ አብሮ ቁጭ አለ።

«ክሱን ላንሳው?» አለች ለፒ።

«በሕግ አምላክ ያልሽውን?» አለ ፒ። «ፕፍ! ዳኛ ሳያየው አይነሳም። ተነሱ፣ ሰዓቱ ደርሷል።»

ችሎት ተሰየመ። አያ ምላስ መሐል ላይ ቆመ። አገሩ ሁሉ ወጥቷል። አያ ዝንብ ጥርስ ላይ ተቀምጦ እጁን ይፈትጋል። ከፊት ዘብ ኤች ቀዝቃዛ ትንፋሹን እየተነፈሰ እመት ኦን ያዛት፤ ከኋላ ዘብ ፒ ገፋት።

«እመት ኦ፣ ስምሽን ተናገሪ!» አለ አያ ምላስ።

እመት ኦ አፏን ከፈተች። ሁለቱ ዘቦች ጨመቋት። «ሆፕ!» የሚል አጭር ጩኸት ወጣ። በነሱ ቋንቋ ሆፕ ማለት በአንድ እግር መዝለል ነው። ሕዝቡ ሳቀ።

«ሁለተኛ!»

«ሆፕ!»

«ሦስተኛ ዕድል የለም» አለ አያ ምላስ። «ዋስ አለሽ? ዋስ ያለው ተከሳሽ አይጨመቅም፤ ዘቡ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይልለታል። ዋስ ጥሪ!»

እመት ኦ ዙሪያዋን አየች። እመት ኤ ወለሉን አየች። አያ አይ ጣሪያውን አየ። አያ ዩ አንገቱን ደፋ። የዋስን ሕግ ሁሉም ያውቀዋላ! ዋስ የሆነ ሰው ዋስ በሆነበት ቃል ሁሉ፣ ዕድሜ ልኩን፣ ትንፍሽ አይልም። ቆሞ ይታያል እንጂ አይሰማም። ማን ድምፁን አሳልፎ ይሰጣል?

«ዋሴ እመት ኢ ናት» አለች እመት ኦ።

ወይ ጉድ!  አያ ምላስ እንኳ በስንት ዘመኑ አንዴ አረፈ።

«ከሳሽሽን?» አለ።

«አዎ፣ ከሳሼን። ሰዎች ‹ምቀኛ አታሳጣኝ› ብለው ሲጸልዩ አይገባኝም ነበር፤ አሁን ገባኝ። ከናንተ መሐል ጓዳዬ እንደሚበርድ የሚያውቅ ማን አለ? ሦስት ቀን ከኔ ጋር ተቋጥራ የዋለችው እሷ ናት። ስሜን ከሷ ይልቅ ቀን ከሌት ሲጠራ የኖረ ማን አለ?»

አያ ዝንብ በእመት ኢ ጆሮ ሥር በረረ። «እንቢ በያት!» አለ። «አንድ ቃል ብቻ! እንቢ ካልሽ ትተፋለች፤ በሩ ያንቺ ብቻ ይሆናል። እሺ ካልሽ ግን ድምፅሽ ይቀራል፤ የሐሰት ከሳሽ መሆንሽም ይታወቃል። ሞኝ አትሁኚ!»

እውነቱን ልንገራችሁ? እመት ኢ እንቢ ልትል አፏን ከፍታ ነበር። ቅናት በአንድ ቀን አይነቀልም። ነጠላዋ ግን ሳብ አደረጋት። ቀና ብላ ስታይ በሌላው ጫፍ እመት ኦ ትንቀጠቀጣለች፤ በፀሐይ ቆማ የጓዳው ብርድ ከላይዋ አልወረደም። እመት ኢ የከፈተችውን አፏን ሳትናገርበት ዘጋችው። ሄዳ ከዘብ ፒ በስተኋላ፣ ከቃሉ ጫፍ ላይ፣ ዝም ብላ ቆመች።

«ይህ ምን ማለት ነው?» አለ አያ ምላስ። «ዋስ ነኝ ማለትሽ ነው? ክሱስ ሐሰት ነበር ማለትሽ ነው?»

እመት ኢ ትንፍሽ አላለችም። ራሷን ብቻ በአዎንታ ነቀነቀች።

«ዘብ ፒ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ!»

ፒ ወደ ኋላ አለ። እመት ኦ ትከሻዋ ተፈታ፣ ደረቷ ሞላ፣ ስሟን ከጓዳው ጀምራ ጎትታ አወጣችው። «ሆ…ው…ፕ!» በረኞቹ ቀስ በቀስ፣ ቀስ በቀስ፣ ክብ እየሆኑ እየሆኑ ሄደው በስተመጨረሻ ሞጥሞጥ አሉላት። ያ ቃል በነሱ አገር ተስፋ ማለት ነው። በአንድ እግሯ ስትዘል የነበረችው በሁለት እግሯ ቆመች። አያ ምላስም፣ «ስሟ የሷ ነው! ቤቷም የሷ ነው!» ብሎ ፈረደ።

ከዚያን ቀን ወዲህ በሁለት ዘብ መሐል ስሙ የሚታነቅበት ሁሉ ወደ እመት ኢ መላክ ጀመረ። እመት ኤ መጣች፣ «የኔ እናት፣ ስቄብሽ ነበር፣ ዋስ ሁኚኝ» አለች። አያ አይ መጣ፣ አያ ዩ ከነጉብጠቱ መጣ። ለሁሉም ቆመችላቸው። ሁሉም ስማቸውን ሙሉውን ይናገራሉ፤ እሷ ከዘቡ ኋላ ዝም ትላለች። እንግዲህ አንተ ከኋላ ያለኸው፣ መምህርህ «እዚህ ጋ ኢ አትነበብም» ሲልህ «ታዲያ ለምን ተጻፈች?» እያልክ አትነጫነጭ። ዋስ ናት።

እርግጥ አንዳንድ ግትር ዘብ አለ፤ ዋስ ቆሞም አልለቅም የሚል። ላቭ የሚሉት ቃል አለ፣ ፍቅር ማለት ነው። እዚያ ውስጥ እመት ኢ ከጫፍ ቆማም እመት ኦ እንደታነቀች ናት። ምን ታደርጉታላችሁ፣ ፍቅር መች ዋስ ይሰማል!

አያ ዝንብስ? ከችሎቱ በኋላ ወሬ ሊለቅም እየበረረ መጣ። ዘብ ፒ ሲያልፍ በረኞቹ ጥብቅ ብለው እንደሚዘጉ ታውቁ የለ? ዘግተው ነበር። እመት ኢ ከተዘጋው በር ውስጥ ከኦ መሳም ኋላ ቆማለች።

«እመት ኢ!» አለ በስንጥቁ ላይ እጁን እየፈተገ። «ሳሟት አይደል? አየሽ አይደል? አልቆጨሽም? አንድ ነገር በይ እንጂ!»

ቅናት ቆንጠጥ አላደረጋትም ብዬ አልዋሽም። አደረጋት። ግን ትዝ አላት፤ ነገ በሌላ ቃል፣ በራሷ ተራ፣ በዚያው በር ስትወጣ የሚስቅላት አለ። አሁን ታውቃለች። ዝም አለች። ዝንቡ በግራ ዞረ፣ በቀኝ ዞረ፣ መግቢያ አጣ። እጁን እንደፈተገ ሄደ።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም የተባለው ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው። ቅናተኛም የሰው መሳም ሲቆጥር የራሱን ሳቅ ሳያይ ይሞታል።

በሉ፣ የተሸከምኩትን አውርጄላችኋለሁ፤ ትከሻዬ ቀለለ። እናንተም ስትሄዱ ለጎረቤት አውርዱት፤ በሩን ግን ዝጉ፣ ዝንብ እንዳይገባ።